ከሸዋ በር ወዲያ ምሳ ስለ መፈለግ

ሰው ወደ ሐረር ሲመጣ ስለ ግንቧ፥ ስለ አምስቱ በሮቿና ማታ ማታ ከሰው እጅ ስለሚበሉት ጅቦች ብዙ ይነገረዋል። ስለ ምሳ ግን የሚነግረው የለም። ጅቡ ራቱን ከወዴት እንደሚያገኝ ዓለም ሁሉ ሲያውቅ፥ ጉዳይ ይዞ በአዲሱ ሰፈር የዋለ እንግዳ በስድስት ሰዓት ተኩል ወዴት እንደሚሄድ የሚያመለክተው አያገኝም። ዛሬ ልነግራችሁ የተነሣሁት ስለዚሁ ነው። ነገሩ ጥቃቅን የሚመስለው ለጠገበ ሰው ነው።

በግንቡ ውስጥ ችግሩ የለም። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ግንብ የከበበው መሬት 48 ሄክታር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ከአንዱ በር ተነሥቶ እስከ ሌላው ለመድረስ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ስለዚህ የጀጎል ሰው በቀትር ሱቁን ዘግቶ ከቤቱ ይገባል፤ ጫማውን አውልቆ በነደባው ላይ ተቀምጦ ምሳውን ይበላል። ሁልበት መረቅ የሚሉት አብሽ ያለበት የሐረሪዎች ምግብም፥ በእኔ አሳብ፥ ከቤት ሲበሉት ነው የሚጥመው። ዘመድ የሌለው እንግዳ ደግሞ ገበያው አለለት። ከገጠር በማለዳ የሚገባው ገበሬ መራቡ አይቀርምና፥ ከፈረስ መጋላ ቁልቁል እስከ ጊድር መጋላ ድረስ ሳምቡሳውም፥ ፉሉም፥ ፈጢራውም ይገኛል። በሥጋው ተራ የግመል ሥጋ ሳይቀር ይሸጣል። ሥጋ በእጁ አንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው ግን ወደ ሰማይም እያየ ይሂድ፤ የጊድር መጋላ ጭልፊቶች ከእጅ መንጠቅ ልማዳቸው ነው።

ከሸዋ በር ወዲያ ግን ከተማው የተቆረቆረው በሌላ ሥርዓት ነው። አፄ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም ሐረርን ከያዙ በኋላ ከግንቡ ውጭ የሚሰፍረው ሰው እየበዛ ሄደ፤ ኢጣልያኖችም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በቈዩበት ዘመን በምዕራብ በኩል ቀጥ ባለ ሰፊ መንገድ አዲስ ከተማ ዘረጉ። ዛሬ ደግሞ ወደ ሐረማያና ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ቤቱ እየተጨመረ ይሄዳል። በእንዲህ ያለ ሰፈር የሚኖረው ሰው ሥራው ሌላ ቦታ ነው፤ በዚያ የሚሠራውም ቤቱ ሌላ ቦታ ነው። በቀትር ከቤቱ የሚገባ ጥቂት ነው። ፕላን የሚያወጡት ባለሙያዎች መንገዱን፥ የፍሳሹን ቦይና የመብራቱን ምሰሶ በየቦታው ያሰፍራሉ፤ ድስት የሚጣድበትን ቦታ ግን በፕላኑ ላይ አላየሁም። ከንጋት ጀምሮ ድንጋይ ሲሸከም የዋለ የቀን ሠራተኛ በዳቦና በሻይ ብቻ ሆዱን አታልሎ ወደ ሥራው ሲመለስ ያየ ሰው፥ ይህ ምን ያህል ጉዳት እንደ ሆነ ይገባዋል።

ምግብ ቤት የሚባል ፈጽሞ የለም ማለቴ አይደለም። በመስተዋት ያጌጠ፥ የምግቡ ዝርዝር ረዥም የሆነ፥ ነገር ግን ከዝርዝሩ ውስጥ ሦስቱን ስትጠይቁ ሦስቱም ‹‹አልቋል›› የሚባልበት ቤት አለ። መጨረሻ ላይ የሚቀርበው ማካሮኒ ነው። እኔ የምናገረው በልተው ስለሚነሡበት፥ በማግሥቱም ስለሚመለሱበት ምሳ ነው።

እንዲህ ያለው ምሳ የሚጀምረው ከውሃ ነው። ሐረር ለብዙ ዓመታት ውሃዋን የምታገኘው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር፤ ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓመታት ደረቀ። ከጊዜ በኋላ ተመልሶ ውሃ ቢይዝም፥ በመካከሉ ለከተማው ከድሬዳዋ አቅጣጫ ከድሬ ጃራ በቧንቧ ዳገት አስወጥቶ ውሃ ማምጣት ግድ ሆኗል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ምግብ የምትሸጥ ሴት ከእንጀራው አስቀድማ የምታስበው ስለ በርሜሏ ነው። ስለዚህ ወደ አንድ ቤት ስትገቡ የወጡን መልክ ከማየታችሁ በፊት የእጅ መታጠቢያውን እዩ። ለእጃችሁ ውሃ በኩባያ ጫፍ እየተለካ የሚንጠባጠብላችሁ ከሆነ፥ ሳሕኑ እንዴት እንደ ታጠበ አትጠይቁ፤ ወደ ሌላ ቤት ሂዱ።

ሁለተኛው ነገር ቢላዋ ነው። ክርስቲያኑ የእስላም ሥጋ፥ እስላሙም የክርስቲያን ሥጋ እንደማይበላ የታወቀ ነው። በጀጎልና በቀድሞው ከተማ እያንዳንዱ ቤት የማን እንደ ሆነ ሰው ሁሉ ስለሚያውቅ ችግር የለም። ገና ሰው ተቀላቅሎ በሚሰፍርበት ሰፈር ግን ሥጋ የሚያቀርበው ቤት ከመንገደኛው እኩሌታውን ከደጅ ይመልሳል። ሁለቱም ከአንድ ገበታ የሚቀርቡት በሽሮና በምስር ላይ ነው። በአዲስ ሰፈር አስቀድሞ የሚከፈተው ሽሮ ቤት የሆነው፥ እንደሚመስለኝ፥ በርካሽነቱ ብቻ አይደለም፤ ማንንም ስለማይመልስ ጭምር ነው። በጾም ጊዜም እንዲሁ ነው። በረመዳን ቀን ቀን በጀጎል ውስጥ ምግብ ማግኘት ሲያስቸግር ከግንቡ ውጭ የክርስቲያኑ ቤት ክፍት ነው፤ በሁዳዴ ደግሞ ሥጋ የፈለገ ወደ ጀጎል ይገባል። በ2016 ዓ.ም መጋቢት 2 ቀን ሁለቱ ጾሞች በአንድ ቀን ገቡ፤ እንዲህ ባለ ጊዜ የእንግዳው ተስፋ ያቺ ሽሮ ብቻ ናት።

እንግዲህ ወዴት ልሂድ ለምትሉኝ፥ ባለ ባጃጆቹ በቀትር የሚቆሙበትን ቦታ ተመልከቱ። ባጃጅ ነጂ ቀኑን ሙሉ ሰፈሩን ሲያካልል ስለሚውል የማያውቀው ድስት የለም፤ ገንዘቡንም በከንቱ አይጥልም። ደግሞም በጊዜ ሂዱ። በሐረር ብዙ ሰው ጫት ከመያዙ በፊት ጠገብ ብሎ መብላት ይፈልጋልና፥ ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን ድስቱ ተሟጥጦ ይጠብቃችኋል። ‹‹እትዬ፥ ዛሬ ምን ሠርተዋል?›› ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። ‹‹ሁሉም አለ›› ካለችችሁ ተጠራጠሩ፤ ‹‹ሽሮና ጎመን ብቻ ነው›› ካለችችሁ ያለ ሥጋት ተቀመጡ።

የሚያሳዝነው እንዲህ ያለችው ሴት አብዛኛውን ጊዜ የምትሠራው በሚገነባ ሕንፃ አጥር ሥር በቆርቆሮ ከለላ መሆኑ ነው። ሕንፃው ሲያልቅ አጥሩ ይፈርሳል፤ እርሷም ድስቷን ይዛ ወደ ሌላ ግንባታ ትሄዳለች። ለሱቅና ለመኪና ማቆሚያ ቦታ ሲመራ፥ ውሃና የፍሳሽ መውረጃ ያላቸው ሁለት ሦስት መደቦች ለምሳ ሠሪዎች ቢከለሉ ወጪው የአንድ አጥር ዋጋ አይሞላም። ይህ እስኪሆን ድረስ ለወዳጃችሁ ጥሩ ምሳ ቤት ስትጠቁሙ የሕንፃው ጣሪያ መመታት አለመመታቱን አይታችሁ ንገሩት፤ ከተመታ እርሷን የሚያገኛት በሚቀጥለው ግንባታ ዘንድ ነው።