እጅ ሳይኖራት መልክ ስለ ሣለችው ሠዓሊት ስለ ሣራ ቢፊን የተደረገ ንግግር



ሣራ ቢፊን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1784 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ ሶመርሴት በሚባለው አውራጃ፣ ኢስት ኳንቶክስሄድ በምትባል መንደር ተወለደች። (ከዚህ በታች የሚነሡትም ዓመታት በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ስትወለድ እጅም እግርም አልነበራትም፤ ይህም በጥምቀትዋ መዝገብ ተጽፎ ይገኛል። ካደገችም በኋላ ቁመትዋ አንድ ሜትር አልሞላም። ነገር ግን በአፍዋ መርፌ ይዛ መስፋትን፣ መቀስ ይዛ መቁረጥን፣ ብርዕ ይዛ መጻፍን በራስዋ ትጋት ተማረች።

ገና በወጣትነትዋ ኢማኑኤል ዱክስ የሚባል ሰው በውል ወስዶ ከገበያ ወደ ገበያ እያዞረ፣ ገንዘብ ለሚከፍል ሁሉ ያሳያት ጀመር። ሥዕል መሣልዋም የትርኢቱ ክፍል ነበረ። ብዙው ሰው ግን የሚመጣው አካልዋን አይቶ ለመደነቅ እንጂ ሥራዋን ለመመርመር አልነበረም። በ1808 ዓ.ም. በሎንዶን በቅዱስ በርተሎሜዎስ ገበያ የሞርተን መስፍን አያት። መስፍኑም እንደሚነገረው፣ መልኩን እንድትሥልለት ተቀምጦ፣ ሌላ እጅ እንዳይነካው ብሎ ያልተፈጸመውን ሥዕል በየቀኑ ይዞት ይሄድ ነበረ። ተፈጽሞ ባየው ጊዜ አመነ፤ በዊልያም ክሬግ ዘንድም ሥዕል እንድትማር ረዳት።

የሥራዋን ጭንቅ ለማወቅ የሥዕሉን ዐይነት ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ሥዕል በመዳፍ ውስጥ የሚያዝ፣ በአንገት ወይም በደረት ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ የሰው መልክ ነው። የሚሣለውም እንደ ወረቀት በሳሳ የዝሆን ጥርስ ላይ በውሃ ቀለም ነው። የዝሆን ጥርስ ቀለሙን እንደ ወረቀት አይመጥም፤ ውሃው ከበዛ ይንሸራተታል። ስለዚህ ሠዓሊው በነጥብና በጭረት ጥቂት በጥቂት ይገነባዋል፤ የተሳሳተውን መልሶ ማረም እጅ ላለውም ቀላል አይደለም። በብራና ላይ ሐረግ የሚሥሉትን ጸሐፍት ያየ ሰው ትዕግሥቱን ይገምተዋል። ሣራ ይህን ሁሉ ያደረገችው ብሩሹን በልብስዋ ትከሻ ላይ ሰክታ፣ በአፍዋና በትከሻዋ እየመራች ነው።

በ1821 ዓ.ም. የጥበባት ማኅበር ሜዳይ ሸለማት፤ ከንጉሣውያን ቤተ ሰብም ሥዕል ያዘዝዋት ነበሩ። በ1824 ዓ.ም. ዊልያም ራይት የሚባለውን ሰው አገባች፤ ትዳሩ ግን ብዙ አልቈየም። ከሥራዎችዋ በአንዳንዱ ላይ ያለ እጅ የተሣለ መሆኑን ከስምዋ ጋራ ትጽፍ ነበረ። ይህን አንዳንድ ሰው እንደ ገበያ ማስታወቂያ ይቈጥረዋል። ይሁን እንጂ ሥዕሉ የሌላ ሰው ነው ብሎ ለሚጠራጠር መልስዋ ይህ ነበረ ማለት ይሻላል።

በሽምግልናዋ ዘመን በሊቨርፑል ከተማ ተቀመጠች። ድህነት ባገኛትም ጊዜ ሪቻርድ ራትቦን የሚባል ሰው ለመጦሪያዋ ከወዳጆች ገንዘብ አሰባሰበ። በጥቅምት 2 ቀን 1850 ዓ.ም. በ65 ዓመትዋ ዐርፋ በዚያው ተቀበረች።

ከዚያ በኋላ ስምዋ ለብዙ ዘመን ተረስቶ ኖረ። በ2019 ዓ.ም. ግን ራስዋን የሣለችበት አንድ ሥዕል በሎንዶን ጨረታ በ137,500 ፓውንድ ተሸጠ፤ በ2022 ዓ.ም. ደግሞ ሥራዎችዋ ብቻ የተሰበሰቡበት ዐውደ ርእይ በዚያው ከተማ ተከፈተ። ራስዋን በሣለችባቸው ሥዕሎች ላይ፣ በልብስዋ እጅጌ የተሰካው ብሩሽ ሳይሸሸግ ይታያል።