ከታች እሺ፣ ከላይ እምቢ

አቅራቢ፦ ቦዲቲ ላይ ክረምቱ ሲከብድ የሚያስቸግረው ጭቃው ብቻ አይደለም፤ ደጅ የሚያድር አሮጌ ባለ ቅርጫት ማንሻ ማሽንም ነው። ሞተሩ ይነሳል፣ ቅርጫቱ ላይ ያለው ማዘዣ ግን አልታዘዝ ይላል።

ፊውዝ ለመቀየር አትቸኩሉ። ቀዮቹ የአደጋ ማቆሚያዎች፣ የላዩም የታቹም፣ አለመጫናቸውን እዩ። ቅርጫቱን ባዶ አድርጉና ቁልፉን ወደ ታችኛው ማዘዣ አዙሩ። ከታች ከሠራ ባትሪውና ፓምፑ ብዙ ጊዜ ደህና ናቸው፤ ጥርጣሬው ወደ ላይ ይሄዳል። ቅርጫቱ ውስጥ ያለው የእግር ፔዳል ውኃ አስገብቶ ይሆናል፤ ወይም ክንዱ በታጠፈ ቁጥር አብሮ የሚተጣጠፈው ገመድ ውስጡን ተበጥሷል። ይኼኛው ተንኮለኛ ነው፦ ላስቲኩ ደህና መስሎ መዳቡ አልቋል።

ከታችም እምቢ ካለስ? ጤነኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ገደማ ያሳያል። ይህ አያታልላችሁ፤ ሌላ ሰው ማዘዣውን ተጭኖ ሳለ ለኩ። ባትሪው ላይ ቮልቱ ያኔ ክፉኛ ከወረደ ባትሪው ደክሟል፤ ካልወረደ ግን ባትሪውን ከማሽኑ አካል የሚያገናኘው የማሳ ብሎን ዝጎ ሊሆን ይችላል። ባትሪውን ነቅላችሁ ብሎኑን በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ።

ፔዳሉን በሽቦ አገናኝቶ «ለዛሬ ይሥራ» ማለት ግን አይሆንም፤ እግር ሲነሳ ማሽኑን የሚያቆመው እሱ ነው።