ምስጥ የበላው የዶርዜ ቤት

እሷ፦ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ሽቅብ ሲወጣ የዶርዜ ቤቶች ከእንሰቱ መሃል ብቅ ይላሉ። አሮጌውን አድሶ መኖር የሚፈልግ ሰው ከየት ይጀምር ወንድሜ?

እሱ፦ ከሥሩ! ቤቱ በቀርከሃ የተሸመነ ነው፤ መሬት የነካውን ጫፍ ምስጥና እርጥበት ይጨርሱታል። የተበላው እየተቆረጠ ሲጣል ቤቱም ያጥራል። አዲስ ሳለ እስከ 12 ሜትር የሚደርሰው፣ ዓመታት ሲያልፉ ዝቅ ብሎ ታገኘዋለሽ።

እሷ፦ ደጃፉም ያንሳላ!

እሱ፦ አዎ፣ በሩ እንደገና ይስተካከላል። ቦታው ካልተስማማ ደግሞ ጎረቤት ተጠርቶ ቤቱ እንዳለ በሸክም ይነሳል።

እሷ፦ የከብቶቹ ወገንስ? በልማዱ ከብት በአንድ በኩል፣ ሰው በሌላው ያድራል፤ የከብቶቹ ትንፋሽም ቤቱን ያሞቀዋል። ከብቱን አውጥቼ መኝታ ላድርገው ያለ ሰው ሙቀቱንም አብሮ ያወጣዋል። ጨንቻ ደጋ ነው፤ የሌሊቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል።

እሱ፦ ለዚህ ነው ምድጃውን አታንሱ የምለው። ጭሱ ደግሞ ቀርከሃውን እያጠቆረ ከነፍሳት ይጠብቀዋል። ክዳኑን በቆርቆሮ መለወጥን ግን በጭራሽ አልመክርም፤ ግድግዳና ጣሪያው አንድ ሽመና ነው፣ አንዱን ስትነኪ ሌላው ይላላል።

እሷ፦ እኔም የዚህን ሽመና ሙያ የሚያውቁት አባቶች ሳሉ ወጣቶቹ አጠገባቸው ቆመው እንዲማሩ እፈልጋለሁ።