ስለ አሮጌዋ ቮልስዋገናችንና ስላልተጻፈው ወረቀት

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ላይ «እናንተ ሽማግሎች፣ ስለዚያች ቮልሳችሁ አንድ ነገር አጫውቱን» ተባልንና ይኸው ቆመናል። እንደምታውቁት እኛ የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ዕድሜያችንንም የጨረስነው በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ነው። ስለዚህ ያየነውንና የደረሰብንን እንነግራችኋለን እንጂ የመካኒክ ትምህርት አንሰጥም።

በ1989 ዓ.ም. እኛ ሦስት የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች ዕቁብ ጥለን፣ እያንዳንዳችን 4,000 ብር አዋጥተን አንዲት ቮልስዋገን ገዛን። ሻጩ ከአሶሳ ወደ አዲስ አበባ የተዛወረ ሰው ነበር። መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራች፣ ባለ 1300፣ 40 የፈረስ ጉልበት ያላት ናት። ሊብሬው በአንደኛችን ስም ዞረ። የእኛ የሁለታችን ድርሻ ግን በወረቀት ላይ አልሰፈረም። «በወንድማማች መካከል ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» አልን። ይህችን ቃል ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ጀርመኖች ለባለጸጋ ሰው የሚሠሯቸው፣ ለረጅም መንገድ የሚመቹ፣ ዝቅ ያሉ ባለሁለት በር መኪናዎች አሏቸው። ፖርሽ የሚባለው አንዱ ነው። ታዲያ ቮልስዋገንን የነደፈውም ያው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የመጀመሪያው ፖርሽ እንኳ ብዙ ዕቃው ከቮልስዋገን የተወሰደ ነበር። እንግዲህ የኛዋ የድሃ ወገን ብትሆንም ዘሯ የተከበረ ነው ማለት ነው። በአገራችንም ታሪክ ስሟ አለ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነው። የመጨረሻዋ የዚህ ዓይነት ቮልስ ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ በሚባል ከተማ ተሠራች፤ እስከዚያ ድረስ በጠቅላላው 21,529,464 ተሠርተዋል። ከዚያ ወዲህ አዲስ የለም። ያለችውን ጠብቆ መያዝ ነው።

አጠባበቁ ከባድ አይደለም፤ ሰዓቱን ጠብቆ መሥራትን ግን ይጠይቃል። ይህች መኪና ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯ ከኋላ ሆኖ በአየር ይቀዘቅዛል። አየሩን የሚነፍሰው ማራገቢያ ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ነው፤ ሁለቱንም የሚያዞራቸው አንድ ቺንጊያ ነው። ስለዚህ ስትነዱ ቀዩዋ የዲናሞ መብራት ከበራች «ባትሪው አይሞላም፣ ቤት ስደርስ አየዋለሁ» አትበሉ። ቺንጊያው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ከተበጠሰ ደግሞ ማቀዝቀዣውም ቆሟል። ወዲያው ቁሙ። ሁልጊዜም አንድ ትርፍ ቺንጊያ ይኑራችሁ።

ዘይቷ ሁለት ሊትር ተኩል ነው። የወረቀት ማጣሪያ የላትም፤ ያላት ወንፊት ብቻ ነው። የፋብሪካው መጽሐፍ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ቀይሩ ይላል። እኛ ግን የአገራችንን አቧራ ስለምናውቀው በየ2,500 እንቀይራለን። ቫልቮቿን የምናስተካክለው ጠዋት፣ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞ ሲያድር ነው፤ ክፍተቱ 0.10 ሚሊ ሜትር ነው። ቤንዚን የሚያልፍበትን የጎማ ቱቦ ደግሞ ባይሰነጠቅም በየዓመቱ እንለውጣለን። ብዙ ቮልስ በእሳት ያለቀው ከዚያች ከርካሽ ቱቦ የተነሣ ነው።

ይህን ሁሉ በደብተር የሚይዘው ሦስተኛው ጓደኛችን፣ ሊብሬው በስሙ የነበረው ነው። ነፍሱን ይማርልን። ዘይት በተቀየረ ቁጥር ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የወጣውን ገንዘብ ይጽፋል። እኛ እንስቅበት ነበር። «መሥሪያ ቤቱን ቤትህ ድረስ አመጣኸው!» እንለው ነበር።

ስለ ማሻሻል ደግሞ ሁለት ነገር አድርገናል፤ አንዱ በጀን፣ አንዱ ጎዳን።

የበጀን የመብራቱ ነገር ነው። መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ባለ 6 ቮልት ነበረች፤ ማታ መብራቷ ከኩራዝ አይሻልም። ወደ 12 ቮልት ለወጥናት፤ ባትሪውን፣ ዲናሞውን ከነመቆጣጠሪያው፣ ኮይሉን፣ አምፖሎቹን፣ የዝናብ መጥረጊያውንም ሞተር ጭምር ቀየርን። ሞተሪኖው የድሮው ሆኖ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ነው በሌሊት ምጥ የያዛትን ጎረቤት ወደ ሆስፒታል ለማድረስ የደፈርነው።

የጎዳን ደግሞ እንዲህ ነው። አንድ ጋራዥ ውስጥ ሞተሩን የከበበውን ላሜራና የዳር ጎማውን ዓይተው «ይሄ አፍኖታል፤ አውጡት፣ ነፋስ ያግኝ» አሉን። ነገሩ ልክ መሰለንና ተስማማን። ላሜራው ግን አፋኝ አልነበረም፤ ማራገቢያው የሚነፍሰውን አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመራው እርሱ ነው። የዳር ጎማውም ከሥር የሚመጣው ትኩስ አየር ተመልሶ እንዳይሳብ ይከለክላል። ከአዲስ አበባ ስንመለስ ነቀምትን፣ ጊምቢን፣ መንዲን በደኅና አለፍን። ከዳቡስ ወንዝ ወዲህ ወደ ባምባሲ ስንመጣ ግን ሞተሩ መንተባተብ ጀመረ፤ ቆመም። በጭነት መኪና ተጎትተን ገባን። ቴስታታው ሲከፈት የሦስተኛው ሲሊንደር ቫልቭ ተቃጥሎ ተገኘ። ለካ በዚያ ሞተር ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው በሦስተኛው ሲሊንደር በኩል የሚያልፈውን አየር ስለሚከልለው፣ ሙቀት ሲበዛ ቀድሞ የሚጎዳው እርሱ ነው። መለዋወጫውን ከመርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ አስመጥተን፣ የተጣለውን ላሜራ ለምነን መልሰን ገጠምነው። የአንድን ዕቃ ሥራ ሳያውቁ «ትርፍ ነው» ብሎ ማውጣት እንዴት እንደሚያስከፍል በኪሳችን ተማርን።

አሁን ልጆቻችን «በኤሌክትሪክ ትሂድ» ይሉናል። ጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ2019 ራሱ የቮልስዋገን ኩባንያ ከሌላ ድርጅት ጋር ሆኖ አሮጌ ቮልስ በባትሪ እንድትሄድ አድርጎ አሳይቷል። ስለዚህ የሚሆን ነገር ነው። እኛ ግን «እኛ ካለፍን በኋላ» ብለናቸዋል።

ወደዚያች ቃል እንመለስ። ጓደኛችን በ2015 ዓ.ም. ዐረፈ። ድንኳኑን የተከላችሁት እናንተው ናችሁ። አርባው ካለፈ በኋላ አንድ ደላላ ከአዲስ አበባ መጥቶ ለባለቤቱ ለመኪናዋ 350,000 ብር ጠራላት። ዘመዶቿም «ሊብሬው በባልሽ ስም ነው፤ ሽጪውና ቤትሽን አድሺ» አሏት። እውነታቸውን ነው፤ ለሕግ የምናሳየው ነገር አልነበረንም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰውን ወረቀት ስናስተካክል የኖርን ሰዎች የራሳችንን አንዲት መስመር አልጻፍንም! ብንጠይቃት በሐዘኗ ላይ ገንዘብ የምንቆጥር ሰዎች ልንሆን ነው። ዝም ብንል የልጆቻችንን ድርሻ መጣላችን ነው። ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣን። እውነቱን ለመናገር በልባችን ያማናትም ቀን አለ። ይህን ስንናገር እናፍራለን።

አንድ እሑድ አስጠራችን። ቡና አፍልታ፣ የሟቹን ደብተር አምጥታ ጭናችን ላይ አኖረችልን። በየገጹ ሦስት ዓምድ ተሰምሯል፤ ከመጀመሪያው ከ4,000 ብሩ ጀምሮ እያንዳንዳችን ለዘይት፣ ለጎማ፣ ለቦሎ ያዋጣነው ሁሉ በስማችን ተጽፏል፤ በየዓመቱም መጨረሻ ተደምሯል። እኛ ስንስቅበት እርሱ የእኛን መብት ሲጽፍ ኖሯል።

«ወንድሞቼ፣» አለችን፤ «ይህን ደብተር ባቃጥለው ማንም አያውቅም ነበር። እኔ ግን አውቃለሁ። የሦስታችሁ ናት።»

ምን እንመልስ? አንገታችንን ደፍተን አለቀስን።

ከዚያ በኋላ በሽማግሌ ፊት እንዲህ ተስማማን። መኪናዋ አትሸጥም፤ የሟቹ ሲሶ ለባለቤቱና ለልጆቹ ነው። የቤቷ ጣሪያ ስለሚያፈስ እኛ ሁለታችን ከድርሻዋ የሚታሰብ 40,000 ብር ሰጠናት። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ወጣ፤ ስም ለማዞር ስድስት ወር ተመላለስን። የመጀመሪያ ልጇ አሁን መኪናዋን ይይዛል፤ ቫልቭ ማስተካከልን እኛ አስተማርነው። ደብተሩንም እርሱ ይጽፋል።

ውድ አባላት፤ ከዚህ ተነሥተን ሁለት ነገር እናሳስባለን። በመካከላችን በሽርክና የተገዛ ወፍጮ፣ ከብት፣ ባጃጅም ሆነ ቦታ ያላችሁ፣ ሁላችሁም በሕይወት ሳላችሁ፣ ሳትጣሉም፣ ጻፉት፤ አስመስክሩትም። መተማመን ካለ መጻፉ አይጎዳውም፤ አንዱ የሞተ ዕለት ግን ለቀሩት መድረሻ ይሆናቸዋል። ሁለተኛ፣ የዕድራችን ድንኳን፣ ድስትና ወንበር ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደተገዛና ማን እንደወሰደው በአንድ ደብተር ይያዝ። ጸሐፊያችን ቢደክመው እኛ ጡረተኞች አለን፤ ሌላ ሥራ የለንም፤ እንጽፋለን።

ቮልሷም አለች። ሬሳ መጫን አትችልም፤ የድንኳን እንጨት ግን ጣሪያዋ ላይ ትጭናለች፤ መሄድ የተሳናቸውን እናቶችም ለቅሶ ታደርሳለች። የምትፈልጓት ቀን ንገሩን። ጠዋት ከሆነ ግን ቀድማችሁ ንገሩን፤ ዘይቷን ሳናይ አንነሣም።

የሞቱብንን ነፍስ ይማርልን፤ ለእኛም ዕድሜ ይስጠን።