ፎቶግራፍ የሚታጠበው መቼ ነው?

(በፎቶግራፍ ክበባችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በቋንቋችን «ፎቶ ማጠብ» ሲባል የጨለማ ክፍሉን ሥራ ሁሉ ያጠቃልላል። ፊልሙን ማውጣት፣ ወረቀቱን ማተም፣ በመድኃኒት መንከር፣ ሁሉም «ማጠብ» ይባላል። እኛ ግን ዛሬ የምንናገረው በመጨረሻ ስለሚመጣውና ብዙ ሰው ሥራው አልቋል ብሎ ስለሚቸኩልበት ስለ እውነተኛው እጥበት ነው፤ ይኸውም ወረቀቱን በንጹሕ ውሀ ስለ ማጠብ ነው።

ብርሃን ያልነካውን የብር ጨው አሟሙቶ ከወረቀቱ ላይ የሚያነሣው ፊክሰር ነው። በውስጡ ያለውን ታዮሰልፌት ፎቶ አንሺዎች በቀድሞ ስሙ ሃይፖ ይሉታል። የብር ጨውን እንደሚያሟሟ እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ሄርሽል በ1819 እ.ኤ.አ. ገልጾት ነበር። ይህ መድኃኒት ሥዕሉን ያድነዋል፤ ከወረቀቱ ውስጥ ከቀረ ግን ያው መድኃኒት ሥዕሉን ይበላዋል። በውስጡ ያለው ድኝ ከብሩ ጋራ እየተዋሐደ ጥቁሩን ወደ ቢጫና ወደ ቡናማ ይለውጠዋል። በ1855 እ.ኤ.አ. የለንደን የፎቶግራፍ ማኅበር ሥዕሎች ለምን እንደሚደበዝዙ የሚመረምር ኮሚቴ አቁሞ ነበር፤ ኮሚቴውም ከሁሉ ይልቅ የተለመደው ምክንያት በእጥበት ጉድለት የቀረ ሃይፖ መሆኑን አስታወቀ።

እንግዲህ ወደ ማጠቢያው እንምጣ። የሚያስፈልገን ጥልቅ የፕላስቲክ ሣጥን ነው። ውሀው በአንደኛው ወገን ከላይ ይገባል፤ በሌላው ወገን ከታች በተበሳ ቀዳዳ ይወጣል፤ ሃይፖ ያለበት ውሀ ከንጹሑ ውሀ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳልና። ከቀዳዳው የሚወጣውን ቱቦ በውጭ በኩል ውሀው ሊቆም እስከሚገባው ከፍታ ድረስ አቁመን እንቆለምመዋለን። በቁልምሙ ጫፍ ላይ ትንሽ የአየር ቀዳዳ መብሳት ግድ ነው፤ ያለዚያ ቱቦው ውሀውን እየሳበ ሣጥኑን ባዶ ያስቀረዋል። በሣጥኑ ውስጥ ቀጫጭን የፕላስቲክ ሰሌዳዎችን የጣት ስፋት ያህል አራርቀን እናቆማለን፤ በእያንዳንዱ ክፍል የሚገባው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ሁለት ወረቀቶች ከተጣበቁ ሌሊቱን ሙሉ ውሀ ቢፈስባቸውም በመካከላቸው ያለው ሃይፖ አይወጣም። ሣጥኑ በትክክል መሥራቱን ለማወቅ ጥቂት ቀለም ጠብ አድርጎ ማየት ነው፤ በአምስት ደቂቃ ያህል ካልጠራ ወይም በአንድ ጥግ ከተኛ የውሀውን አገባብ ማስተካከል ይገባል።

አሁን ክርክር ወደሚያስነሣው ነገር ደርሰናል። አንዳንድ ወንድሞቻችን ቧንቧውን ከፍቶ አንድ ሰዓት መተው ይበቃል ይላሉ። ውሀ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ትልቅ ብክነት ነው፤ ደግሞም የውሀው መሮጥ ወረቀቱን አያነጻውም። ሃይፖው ከወረቀቱ ወደ ውሀው የሚሸጋገረው በዝግታ ነው፤ በወረቀቱና በውሀው ውስጥ ያለው መጠን ሲተካከል ሽግግሩ ይቆማል። ስለዚህ የሚጠቅመው ውሀውን መለወጥ ነው። አሥር ሊትር የሚይዝ ሳፋ ስድስት ጊዜ ቢሞላና ቢደፋ 60 ሊትር ነው፤ ያንኑ ሳፋ የሚያህል ውሀ በየአምስት ደቂቃው እያስለወጠ ለአንድ ሰዓት የሚፈስ ቧንቧ 120 ሊትር ይጨርሳል። በመደፋቱ መካከል ግን ወረቀቱን ማገላበጥና ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል። ውሀው በጣም ከቀዘቀዘ ሽግግሩ ይዘገያል፤ ሃያ ዲግሪ ያህል ቢሆን መልካም ነው።

ፕላስቲክ ለተቀባው ወረቀት ከሁለት እስከ አራት ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ቢቆይ ውሀው በጠርዙ ይገባበታል። ትዕግሥት የሚያስፈልገው ያልተቀባው፣ ፋይበር የሚባለው ወረቀት ነው። እርሱን አምስት ደቂቃ አለቅልቆ በሊትር ውሀ 20 ግራም ሶዲየም ሰልፋይት በሟሟበት ውስጥ አሥር ደቂቃ መንከር እጥበቱን በጣም ያሳጥረዋል፤ ከዚያ በኋላ ሃያ ደቂቃ መታጠብ ይበቃዋል። (ከኬሚስትሪ ክፍል የምትለምኑ፣ ሰልፋይት እንጂ ሰልፌት አለመሆኑን ጠርሙሱ ላይ አንብቡ።) ፊክሰሩ ራሱ ያረጀ ከሆነ ግን በወረቀቱ ላይ የሚቀረውን የብር ውሕድ ምንም ያህል ውሀ አያነሣውም።

አንድ ነገር በጥብቅ እንለምናለን። ጓደኛችሁ በማጠብ ላይ ሳለ ከፊክሰር የወጣ አዲስ ወረቀት አትጨምሩበት። ከጨመራችሁ ለሁሉም ሰዓቱ እንደገና ከመጀመሪያ ይቈጠራል።

መታጠቡ የሚረጋገጠው በሲልቨር ናይትሬት ነው። በመቶ ሚሊ ሊትር ውስጥ 0.75 ግራም ሲልቨር ናይትሬትና 12.5 ሚሊ ሊትር ባለ 28 በመቶ አሴቲክ አሲድ ይኖራል። ጨለም ባለ ጠርሙስ ይቀመጥ፤ እጅን ያጠቁራልና በጥንቃቄ ይያዝ። በነጩ ጠርዝ ላይ አንድ ጠብታ አድርጎ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ፈዛዛ ክሬም ቢመስል ደኅና ነው፤ ቡናማ ከሆነ ወረቀቱ ወደ ሳፋው ይመለሳል።

በክበባችን ሣጥን ያሉትን የቀድሞ ተመራቂዎች ሥዕሎችም በዚሁ መንገድ ለመመርመር አስበናል፤ ጠብታው ከክፈፉ ሥር በሚደበቀው ጠርዝ ላይ ይሆናል። የቢጫው ለውጥ የያዛቸውን ውሀ አይመልሳቸውም፤ ገና ያልተበላሹትን ግን እንደገና አጥበን ልናተርፋቸው እንችላለን። ሥራው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ይጀመራል፤ ሳፋ ያለው ይዞ ይምጣ።