ሰኞ፣ ካኮ ገበያ

(በቀድሞ ተማሪዎች መሰባሰቢያ ላይ የቀረበ ንግግር)

አዘጋጆቹ «ከተመረቅህ በኋላ የት የት ሠራህ? ያቺ ካሜራህስ እንዴት ሆነች?» ብለው ነው የጋበዙኝ። ሁለቱን ጥያቄ ለይቼ መመለስ ስለማልችል አንድ ላይ እናገራለሁ።

በ2001 ዓ.ም. ስመረቅ የደረሰኝ የመምህርነት ምደባ ካኮ ነበር። ከአርባ ምንጭ ተነስታችሁ በኮንሶና በወይጦ በኩል ወደ ጂንካ ስትጓዙ፣ ቀይ አፈርን አልፋችሁ የምታገኟት ትንሽ ከተማ ናት፤ የበና ሕዝብ አገር። ገበያዋ ሰኞ ነው። ከደሞዜ ቆጥቤ ያገለገለች ካኖን ካሜራ ገዛሁ። መጀመሪያ ያነሳኋቸው ፊቶች ሁሉ ጠቆሩብኝ። ካሜራው ከኋላ ያለውን የሚያንጸባርቅ ሰማይ እየለካ ሰውየውን ያጨልመዋል። ሰውን በጎጆ በር ጥላ ላይ አስቀምጦ ብርሃኑን ከፊቱ ላይ መለካት እንደሚሻል የገባኝ ከብዙ ብክነት በኋላ ነው።

በደቡብ ኦሞ ፎቶ ዋጋ አለው። ፈረንጅ ያነሳል፣ የተነሳው ይከፈለዋል። በቀይ አፈር መንገድ ዳር የበና ልጆች ገላቸውን ነጭ ቀብተው፣ በረጃጅም እንጨቶች ላይ ቆመው መኪና የሚጠብቁት ለዚሁ ነው። ይህን አይቶ «ባህል ተሸጠ» የሚል ብዙ ሰው አለ። እኔ አልልም። ፎቶው ተመልሶ እንደማይመጣለት ያወቀ ሰው ዋጋውን እዚያው ቢቀበል ምን ይገርማል? ተማሪዎቼ ግን ብር አልጠየቁኝም፤ «ቲቸር፣ አሳጥበህ ስጠን» ነበር የሚሉኝ። እኔም «እሺ፣ ጂንካ ስሄድ» እላለሁ።

ካነሳኋቸው መካከል አንድ ተማሪዬና እናቱ ነበሩ። እሱ ዩኒፎርም ለብሶ ቆሟል፤ እናቱ የፍየል ቆዳቸውን ለብሰው አጠገቡ ተቀምጠዋል። ከቤታቸው ትምህርት ቤት የገባ የመጀመሪያው ልጅ እሱ ነበር። ለእሳቸውም «እሺ» ብያለሁ።

በ2006 ማስተማሩን ትቼ ጂንካ ላይ አስጎብኚ ሆንኩ። እውነቱን ለመናገር ገንዘቡ ይሻል ነበር። የመጀመሪያዎቹን እንግዶች ይዤ ስወጣ ግን ካርዱ ሞላብኝ። ሌላ ካርድ የለኝም፣ ኮምፒውተርም የለኝም። መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ ፎርማት አደረግኩት። አምስት ዓመት የካኮ ፎቶ ነበር። ያን ቀን ብዙም አልተሰማኝም።

መጋቢት 2012 ኮቪድ ሲገባ ፈረንጁም ጠፋ፣ ሥራዬም አብሮ ቆመ። ወራት ያለ ሥራ ከቆየሁ በኋላ ጂንካ አንድ መሥሪያ ቤት በመረጃ ሠራተኝነት ተቀጠርኩ፤ እስካሁንም እዚያው ነኝ። በቀጣዩ ዓመት አንድ ሰኞ ካኮ ገበያ ስዞር እኚያ እናት አወቁኝ። አጠገባቸው የነበረ ልጅ አስተረጎመልኝ፤ ልጃቸው ታሞ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። «ያቺን ፎቶ አምጣልኝ» ነው የሚሉት።

እንዴት እንደነገርኳቸው አሁን በትክክል አላስታውስም። «ጠፋች» አልኩ መሰለኝ። «እኔ አጠፋኋት» ለማለት ሌላ ሰኞ ፈጀብኝ። ሰምተው ዝም አሉ፤ ከዚያ በቅል የቡና ገለባ አቀረቡልኝ። እንደዚያ ቀን የከበደኝ መጠጥ የለም።

ከዚያ ወዲህ ያነሳሁትን ሁሉ ጂንካ ፎቶ ቤት ሁለት ሁለት አሳጥባለሁ፤ አንዱን ለባለቤቱ፣ አንዱን ለእኔ። የዓመት ፈቃዴን የምወስደው ሰኞ ሰኞ እየቆረጥኩ ነው። አለቃዬ «ምነው ሰኞን ብቻ?» ብሎ ሲቸገር ቆይቶ፣ ባለፈው የራሱን እናት እንዳነሳለት ጠየቀኝ።

እኚያን እናት አንሼያቸዋለሁ፤ ራሳቸው ፈቅደው። ከጎጆው የልጃቸውን ደብተር አወጡና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ገልጬ ሳየው በቀይ እስክሪብቶ ያረምኩት የገዛ እጄ ጽሑፍ ነው።

ፎቶዋን ለማየት እንደምትፈልጉ አውቃለሁ፤ አዘጋጆቹም ይዘህ ና ብለውኝ ነበር። አላመጣኋትም። አንዷ እሳቸው ዘንድ ናት። የእኔዋን ደግሞ ለሰው ላሳያት ብዬ ገና አልጠየቅኳቸውም።