ከዳሞታ የሚወርደው ጎርፍ ቀጠሮ አይሰጥም!

(በወላይታ ሶዶ በአንድ የሰፈር እድር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንድ ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ያደረገው ንግግር)



ጋዜጠኛ ልማዱ መጠየቅ ነው። ዛሬ ግን «ያየኸውን ተናገር» ተብዬ ቆሜአለሁ። መሐንዲስ አይደለሁም፣ መካኒክም አይደለሁም። ጎርፍ የገባበት ቤት ልጅ ነኝ። ከዚህ የተሻለ ዲፕሎማ ለዚህ ጉዳይ ያለ አይመስለኝም።

መቼም «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። እኛን ግን የሚወስደን እያሳሳቀ አይደለም፤ እያየነው ነው!

ባለፈው በልግ አንድ ሌሊት፣ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ እኛ ሰፈር አንዲት ጠብታ ሳትወርድ ጎርፍ መጣ። ዳሞታ አናት ላይ ሲያጓራ አምሽቷል፤ እኛ ግን «እዚያ ነው» ብለን ተኛን። እናቴ ከአልጋዋ ስትወርድ ውኃው ቁርጭምጭሚቷን አለፈ። በጨለማ ወደ ማብራት ማጥፊያው እጇን ስትዘረጋ ጮኼ አስቆምኳት። እርጥብ እጅ፣ ባዶ እግር፣ ውኃ ውስጥ የቆመች ሴት! ያን ጊዜ ብትነካው ኖሮ ዛሬ የምታዋጡት ለሷ ተዝካር ይሆን ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ወደ ቪትዟ ሮጠ። በብድር የተገዛች፣ የቤቱን ቀለብ የምታመጣ መኪና ናት። ውኃው ከበሩ በላይ ደርሷል። ገብቶ ቁልፉን አዞረ። አንዴ አጉረመረመች፤ ሁለተኛ ሲሞክር «ጧ!» አለች። በቃ። ጠዋት መካኒኩ ካንዴላዎቹን ፈትቶ፣ ውኃው ሲንፎለፎል አይቶ፣ «ወንድሜ፣ ይቺን መኪና የገደላት ጎርፍ አይደለም፤ ቁልፉ ነው» አለው። መኪናዋ ቆማለች፤ ብድሩ ግን እስከ ዛሬ ይሄዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር አየር ስቦ፣ አምቆ ነው የሚሠራው። አየር ይታመቃል፤ ውኃ ግን አይታመቅም። በዲፕራተሩ በኩል ውኃ ከገባ ፒስተኑ ሊጨምቀው ሲነሳ እምቢ ይለዋል። ያን ጊዜ ቤላው ይታጠፋል፤ ሲብስም ሞተሩን ሰብሮ ይወጣል። ናፍጣ ሞተር ደግሞ እመቃው ስለሚበልጥ አወዳደቁም የከፋ ነው።

እንዴት ነው ነገሩ? ይህ ሁሉ የአንድ ሰፈር ችግር ብቻ ይመስላችኋል? በ1998 ዓ.ም ሐምሌ 30 ሌሊት ድሬዳዋ የተኛውን ሕዝብ ጎርፍ ወሰደው፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ብዙም ሳይቆይ ኦሞ ወንዝ ሞልቶ ዳሰነች ውስጥ ከ300 በላይ ወገኖቻችን ሞቱ። በ2008 ዓ.ም ግንቦት እዚሁ ወላይታ የመሬት መንሸራተት 40 ያህል ሰዎች ቀበረ። በ2013 ዓ.ም ነሐሴ አዲስ አበባ፣ የመንግሥት መቀመጫ በሆነችው ከተማ፣ ጎርፍ ሰባት ሰዎች ገደለ። በ2016 ዓ.ም ሐምሌ 15 ጎፋ ላይ የሆነውን ሁላችንም በእንባ ሰምተናል። ልክ በሁለት ሳምንቱ፣ ሐምሌ 29፣ በእኛው ካዎ ኮይሻ ወረዳ ከአሥር በላይ ሰዎች ጭቃ በላቸው። ታዲያ በየዓመቱ «ድንገተኛ አደጋ» እንባላለን። ሃያ ዓመት ሙሉ በየክረምቱ የሚመጣ እንግዳ እንዴት ድንገተኛ ይባላል?

ከየት ነው የሚመጣው?

ዳሞታ ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋ ተራራ ነው፤ ሶዶ ደግሞ እግሩ ሥር ተቀምጣለች። ዳገቱ ታርሷል፣ ዛፉ ተመንምኗል፣ ሰው በዝቷል። ከተማዋ በ2015 ዓ.ም መጨረሻ የክልል መቀመጫ ሆናለች፤ ቆርቆሮውም አስፋልቱም ጨምሯል። አንድ ሒሳብ ልንገራችሁ። መቶ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 3000 ሊትር ነው፤ አሥራ አምስት በርሜል! አንድ ጣራ አሥራ አምስት በርሜል ከደፋ፣ ሺህ ጣራ ስንት ይደፋል? ያ ሁሉ ውኃ የሚያልፍበትን ቦይ ደግሞ ማን ደፈነው? ግማሹን እኛው በፌስታልና በሃይላንድ ጠርሙስ። ግማሹን የውኃ መውረጃ ላይ አጥር ያጠሩ ጉልበተኞች። ለነዚያ ካርታ የሰጠው ማን ነው? ይህን ጥያቄ በየስብሰባው አንሱት። ውኃ መንገዱን አይረሳም፤ ካርታ አለኝ ብትለውም አያነብልህም!

ለባለመኪናዎችና ለባጃጅ ልጆች

አንደኛ፣ ሰማዩን ሳይሆን ዳሞታን እዩ። ተራራው ከጠቆረ እናንተ ዘንድ ፀሐይ ቢሆንም መኪናችሁን ከዝቅታ ቦታ፣ ከቱቦ አፍና ከወንዝ ዳር አንሱ። ማታ ስታቆሙ ግንባሩን ወደ መውጫው አዙሩት።

ሁለተኛ፣ ጎርፍ አትድፈሩ። የሚፈስ ውኃ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ጎልማሳ ሰው ይጥላል። 30 ሳንቲ ሜትር ብዙዎቹን ትንንሽ መኪናዎች ያንሳፍፋል፤ ባጃጅማ ምን ጉልበት አላት? 60 ሲደርስ ላንድክሩዘርም ይሄዳል። ወደ ሁምቦና አርባ ምንጭ የምትመላለሱ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ደረቅ አሸዋ የነበረው ማታ ወንዝ ነው። ከሥሩ አስፋልቱ ይኑር አይኑር ማን ያያል? አንድ ሰዓት ቆሞ የሞተ ሾፌር የለም።

ሦስተኛ፣ ውኃ ውስጥ ሞተር ከጠፋ እንደገና አታስነሱ። ውኃው እየጨመረ ከሆነ ቀበቶ ፍቱ፣ መስኮት ቶሎ አውርዱ፣ ልጆችን አስቀድማችሁ ውጡ። በሩን ውኃ ከገፋው አይከፈትላችሁም። ብረት ይገዛል፤ ነፍስ ግን አትገዛም።

አራተኛ፣ የጠለቀ መኪና ሲገኝ ቁልፉን ደብቁት! ገፍቶ ወይም በማርሽ ጎትቶ ለማስነሳትም አትሞክሩ። ውኃው ከሸሸ በኋላ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ፣ ጭናችሁ ጋራዥ ውሰዱ። የሞተር ዘይቱን መለኪያ አውጥታችሁ እዩ፤ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከነጣ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። ካንዴላው ይፈታ፣ ዲፕራተሩ ይቀየር፣ የሞተር፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ይለወጥ፣ ፍሬኑ ይታይ። ሁሉም ከደረቀ በኋላ ነው ቁልፍ የሚዞረው።

አምስተኛ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የናንተን መኪና ከጎርፍ አይክስም፤ የሚክሰው እናንተ የጎዳችሁትን ሰው ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ ያላችሁም ውሉን ገልጣችሁ ጎርፍ የሚል ቃል መኖሩን ዛሬ አንብቡ፤ ከጎርፉ በኋላ ማንበብ ለቅሶ ነው።

ለቤት

ውኃ ከመግባቱ በፊት፣ እግራችሁ ደረቅ ሳለ ብሬከሩን አጥፉ። ከገባ በኋላ ግን አትንኩት፤ ውጡ። የቤት ካርታ፣ ሊብሬ፣ መታወቂያ፣ የልጆች የትምህርት ወረቀት በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ማዳበሪያ ግማሹን አፈር ሞልታችሁ ደጃፍ ላይ እንደ ጡብ አነባብሩ። የጭቃ ቤት ከሥሩ ነው የሚርሰው፤ ግድግዳው ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ ዕቃ ለማውጣት ብላችሁ እንዳትመለሱ።

ውኃው ሲጎድል የሽንት ቤቱ ሁሉ አብሮ እንደመጣ አትርሱ። ልጆች አይራጩበት። የነካውን ምግብ ጣሉት። የጉድጓድ ውኃ ሳይፈላ አይጠጣ፤ አተት ከጎርፍ ኋላ የሚከተል ሌባ ነው።

ዳገት ላይ ያላችሁ ደግሞ መሬቱን ተመልከቱ። አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ ወይም ምሰሶ፣ ድንገት የደፈረሰ ምንጭ ካያችሁ በዝናብ ሌሊት እዚያ አትደሩ። ጎፋ ላይ ብዙዎቹ የሞቱት የመጀመሪያዎቹን ለማዳን ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ ወርዶባቸው ነው። ደግነታቸውን እግዜር ይቁጠርላቸው፤ እኛ ግን እንማርበት። ከላይ ያለውን ዳገት የሚጠብቅ ሰው ሳታቆሙ ከሥሩ አትቆፍሩ።

መፍትሔውስ?

ተስፋ የለም አልልም። እዚሁ ጎረቤታችን ሁምቦ ከ2700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ እንደገና አገግሟል። ገበሬው ከወርልድ ቪዥን ጋር ሆኖ፣ ከብት ከልክሎ፣ ከአሮጌው ጉቶ የበቀለውን እየመለመለ አሳደገው። ጎርፍ ይለቅ የነበረ ተራራ ዛሬ ደን ነው፤ በካርቦን ሽያጭም ገንዘብ አግኝተውበታል። ሁምቦ የቻለውን ዳሞታ ላይ ማን ከለከለን?

ወደ እድራችን ልመለስና ላብቃ። እድራችን ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ትልልቅ ድስት አለው። አካፋ ግን የለውም! ስንሞት ለመቅበር ተዘጋጅተናል፤ እንዳንሞት ግን አልተዘጋጀንም። ስለዚህ ሦስት ነገር እንዲወሰን እጠይቃለሁ። አንድ፣ አሥር አካፋና አምስት ዶማ ይገዛ። ሁለት፣ በልግ ሳይገባ አንድ ቅዳሜ፣ ክረምት ሳይገባ ሌላ ቅዳሜ፣ ቦያችንን በደቦ እንጥረግ፤ ያልመጣ እንደ ቀብር ይቀጣ። ሦስት፣ ዳሞታ ሲጠቁር ተራ ገብቶ የሚጠብቅና በፉጨት የሚቀሰቅስ ሰው ይመደብ። ቦይ ላይ ስለተሠራው አጥር ደግሞ የሚመለከታቸውን በጽሑፍ እንጠይቅ፤ ዝም ካሉን ዝምታቸውን እዚሁ ጋዜጣ ላይ አወጣዋለሁ።

እናቴ ዛሬ እዚህ ተቀምጣለች። የሚቀጥለውም በልግ ከዚሁ ወንበር ላይ እንዲያገኛት ነው የምለምነው።